«ማህተም መቺ ሀገር አይገነባም» ላልከው ወንድሜ

ባለፈው ወር ስለ ሱኩማር ሴን ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። የህንድን የመጀመሪያ ሀገር አቀፍ ምርጫ ያስፈጸመው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጦር አልመራም፣ ፓርቲ አላቋቋመም፣ አደባባይ ወጥቶ ሕዝብ አላስጨበጨበም። እኔም አዲስ ሀገር ሲቆም የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ድርሻ ትልቅ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንተ ደግሞ «ማህተም መቺ ሀገር አይገነባም» ብለህ ረጅም መልስ ጻፍክ። ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት፣ የያዝኩት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ላላነበበ ሰው ያልከውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ህንድን የሠሯት እነ ጋንዲ፣ ኔህሩና ፓቴል ናቸው፤ ሴን የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ሁለተኛ፣ ሰውየው የእንግሊዝ ሎሌ ነበር። ሦስተኛ፣ 2.8 ሚሊዮን ሴቶችን ከመራጮች መዝገብ ሰርዟል። አራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለመጣው ሁሉ ያጎበድዳል፣ የራሱ አቋም የለውም። አምስተኛ፣ የእኛን ሀገር ቢሮ እያየ ማን ነው የመንግሥት ሠራተኛ የሚያወድስ?

እኔ ከ1978 እስከ 2011 ድሬዳዋ ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። 33 ዓመት። ስለዚህ ነገሩ ይነካኛል፣ አልደብቅህም። ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛምና አንተ ስልህ ቅር እንዳይልህ። የህንድና የሱዳን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛዎቹ በእኛ።

«የታዘዘውን ነው የፈጸመው» ካልከው ልጀምር። እስቲ ትዕዛዙን እንየው። ትዕዛዙ አንድ መስመር ነው፦ 21 ዓመት የሞላው ህንዳዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ሀብታምም ድሃም ይምረጥ። ይህን መስመር ሕገ መንግሥት ውስጥ ያስገቡትን ሰዎች አከብራለሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መወሰን ድፍረት ነው። ግን መስመሩ ሲጻፍ መዝገብ የለም፣ ጣቢያ የለም፣ ሣጥን የለም። በእንግሊዝ ጊዜ ይመርጥ የነበረው ንብረት ያለው፣ ግብር የሚከፍል ወይም የተማረ ጥቂት ሰው ነው። አሁን 176 ሚሊዮን ሰው ይመዝገብ ተባለ። ከ100 ሰው 85ቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም።

ሴን በመጋቢት 1950 ዋና የምርጫ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ ምርጫው በ1951 ጸደይ እንዲደረግ ፈልጎ ነበር። ሴን ግን ጊዜ ስጡኝ አለ። ምርጫው የተጀመረው በጥቅምት 1951 ነው፣ ያለቀው በየካቲት 1952። ትዕዛዝ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ቢሆን «እሺ ጌታዬ» ብሎ በግማሽ መዝገብ ይገባበት ነበር። ለበዓል ይድረስ ተብሎ የተጣደፈ ሥራ በኋላ ስንት ሰው እንደሚያንገላታ እኔ ቢሮ ተቀምጬ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ክብር ላለው፣ ሕዝቡ ለሚወደው መሪ «ገና ነው» ማለት ቀላል ከመሰለህ አንድ ቀን ለአለቃህ በልና እየው።

ከዚያ ሥራው መጣ። 224 ሺህ የምርጫ ጣቢያ። ወደ 2 ሚሊዮን የብረት ሣጥን፣ ለእሱም 8,200 ቶን ብረት። የመራጮችን ስም በየምርጫ ክልሉ ለይተው የሚተይቡ 16,500 ጸሐፊዎች በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጠሩ። መዝገቡን ለማተም 380 ሺህ ደስጣ ወረቀት ሄደ። እኔ በወር አንድ ደስጣ ወረቀት ለማስፈቀድ ስንት ፊርማ እንዳስፈረምኩ አውቃለሁ፣ ይህን ቁጥር ሳነብ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ነው የደገምኩት።

ማንበብ የማይችል ሰውስ እንዴት በምስጢር ይመርጣል? ይህን ጥያቄ በንግግር አትመልሰውም። ለየተወዳዳሪው የራሱ ሣጥን ቀረበ፣ ሣጥኑ ላይ ምልክት ተደረገ፤ ጥማድ በሬ፣ ዝሆን፣ ጎጆ፣ የሸክላ ኩራዝ። ገበሬው መጋረጃ ውስጥ ይገባል፣ የሚያውቀውን ሥዕል ያያል፣ ወረቀቱን ይከትታል። ሁለቴ እንዳይመርጥ ደግሞ ጣቱ ላይ ሳምንት የሚቆይ ቀለም ይቀባል። ቢሮ ቁጭ ብለው ይህን ያሰቡ ሰዎች ናቸው «ማህተም መቺ» የተባሉት።

ሎሌ ነበር ወዳልከው ልሂድ፣ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እውነት ነው፣ ሴን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው የእንግሊዝ መንግሥት የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ውስጥ የገባው። ለንደን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ልጅ ነበር። ነጻነት ሲመጣ ቤንጋል ለሁለት ተከፈለች፣ እሱም የምዕራብ ቤንጋል አስተዳደር ዋና ጸሐፊ ሆነ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የነጻነት ታጋዮችን ያሰሩ ሠራተኞች እንደነበሩም አልክድም። ነገር ግን አንተ ራስህ ሀገር ሠሪ ብለህ የጠቀስከው ፓቴል፣ እንግሊዞች ደጋግመው ያሰሩት ሰው፣ በጥቅምት 1949 በሕገ መንግሥት ጉባኤው ፊት ቆሞ ለእነዚሁ ሠራተኞች ተሟግቷል። ያመነበትን በነጻነት የሚናገር ጥሩ የመንግሥት ሠራተኛ ከሌላችሁ አንድ ህንድ አይኖራችሁም ነበር ያላቸው። የታሰረው ሰው እንዲህ ካለ እኔና አንተ ከድሬ ሆነን ምን ቤት ነን?

ደግሞ አንተም የድሬ ልጅ ነህ። ባቡሩ በ1895 እዚህ ባይደርስ ከተማችን አትኖርም ነበር። ድርጅቱን የያዙት ፈረንሳዮች ነበሩ። አባቶቻችን ከእነሱ ሥር ሆነው ሥራ ለመዱ፣ በፈረንሳይኛ ቅጽ ሞሉ፣ በፈረንሳይኛ ተሰደቡም። አባቱን ለፈረንጅ ሠራህ ብሎ የሚንቅ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ለገሃሬ ላይ አሳየኝና እኔም ሴንን እንቃለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘሃል።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ወደ 80 ሚሊዮን ከሚጠጉ ሴት መራጮች የ2.8 ሚሊዮን ያህሉ ስም ከመዝገብ ወጥቷል። ለምን እንደወጣ ግን አላነሳህም። መዝጋቢው በር ሲያንኳኳ የሴትየዋን ስም የሚነግረው የለም። «የእገሌ ሚስት ናት» ይሉታል፣ «የእገሌ እናት ናት» ይሉታል። ለማያውቁት ወንድ የሴት ስም መንገር ነውር ነው፣ በተለይ እነ ቢሃርና ራጃስታን አካባቢ። መዝጋቢዎቹም እንደተነገራቸው ጻፉት። ሴን ይህን ሲያይ አይሆንም አለ፤ «የእገሌ ሚስት» ስም አይደለም፣ የራሷ ስም ይጻፍ። ለቢሃር አንድ ወር ተጨመረ። ስማቸውን የሰጡ ገቡ፣ ያልሰጡ ወጡ። ጩኸት ተነሳ። ሴን ግን ጩኸቱ ራሱ ይጠቅማል፣ እስከሚቀጥለው ምርጫ ይህን ልማድ ያስለቅቃል ብሎ ነው ያመነው።

አንተ «ሰርዟል» ብለህ አለፍክ። እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ የ1998ቱ ጎርፍ ነው።

ለድሬ ሰው ጎርፉን መተረክ አያስፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ውሃው ከደጋው ወርዶ የደቻቱን ወንዝ ሞላው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። በቀጣዮቹ ሳምንታት እኔ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ይዤ ተፈናቃይ እመዘግብ ነበር። ወረቀት የያዘ ሰው የለም። መታወቂያው ከነቤቱ ሄዷል። የእኛም ቦክስ ፋይል ግማሹ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ገጹን ለማላቀቅ ስትሞክር ቀለሙ ጣትህ ላይ ይቀራል። መመሪያው ደግሞ የነዋሪነት ማስረጃ ይቅረብ ይላል። ማስረጃው ደቻቱ ውስጥ ነው! እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተነጋገርንና ሦስት ጎረቤት ከመሰከረ ይበቃል አልን። ማንም አላዘዘንም። በኋላ ከላይ ተጠየቅን፣ አስረዳን፣ አለፈ።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ተራዋ ደርሶ ቀረበች።

«ስም?»

«የመሐመድ እናት።»

«የራስሽን ስም ነው እኮ።»

«የመሐመድ እናት በይ፣ ሰዉ ሁሉ በዚህ ነው የሚያውቀኝ።»

እውነቷን ነበር። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ያውቃታል፣ ሦስት አይደለም ሠላሳ ምስክር አላት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ የድሬ ፀሐይ ነው፣ ያለችኝን ጽፌ «ቀጣይ» ማለት እችል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ብርድ ልብሱና ዱቄቱ የሚታደለው በዚህ ስም ነው። ነገ ቤት ቢሰጥም በዚህ ስም ነው። መሐመድ አድጎ ጅቡቲ ቢቀር፣ ወይም ቢጣሉ፣ የማን እናት ነኝ ብላ ነው ቤቷን የምትጠይቀው? «አባትሽ ያወጣልሽን ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሁለት ስም እንዳላት ነገረችኝ፤ አንዱን አባቷ ያወጣላት፣ ሌላውን ስታገባ የባሏ ቤተሰቦች ያወጡላት። «የቱን ልጻፍ?» ስላት ሰልፉ ላይ ያሉ ሴቶች ክርክር ገጠሙ። ግማሹ የባልሽን ይላል፣ ግማሹ የአባትሽን። በመጨረሻ «የአባቴን ጻፊው» አለች። ጮክ ብዬ እየደገምኩ ስጽፍ ከኋላዋ የቆመችው ጎረቤቷ «አቦ! ሃያ ዓመት ቡና አብረን ስንጠጣ ስምሽ ይሄ ነው እንዴ?» አለች።

ስሟን እዚህ አልጠቅስም፣ የእሷ ነው።

ህንድ ውስጥም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ነበር። ከ1947ቱ ክፍፍል በኋላ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ገብተዋል። መራጭ ለመሆን ግን አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ 180 ቀን መኖር ያስፈልጋል ተብሏል። ስደተኛ ይህን ከየት ያመጣል? የሕገ መንግሥት ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደብዳቤ ጎረፈላቸው፣ እነሱም አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ሰውየው እዚህ ልኖር ነው ብሎ ቃሉን ከሰጠ ይመዝገብ አሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕገ መንግሥቱ ገና ሳይጸድቅ፣ ሴንም ሳይሾም ነው። ወረቀት ሊኖረው የማይችለውን ሰው ወረቀት አምጣ አላሉትም። ስም ያላትን ሴት ግን ያለ ስም አልመዘግብም አሉ። ሁለቱንም ያደረጉት እንዲሁ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ ለእኔ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት።

እነዚያ ሴቶች ያንን ምርጫ ሳይመርጡ መቅረታቸው ግን ያመኛል። ሌላ መንገድ አልነበረም አልልም። የመሐመድ እናት ስሟን የነገረችኝ እኔም ሴት ስለሆንኩ ይመስለኛል። በየመንደሩ ሴት መዝጋቢ ተልኮ ቢሆን ስንቷ በተናገረች ነበር! በዚህ ሴንን ከአንተ ብሼ እወቅሰዋለሁ። ነገር ግን ወንድሜ፣ ልብ በል። በአንደኛው ነጥብህ ሰውየው ታዛዥ ብቻ ነው፣ ምንም አልወሰነም ብለሃል። በሦስተኛው ደግሞ በ2.8 ሚሊዮን ሴቶች ላይ ወሰነ ብለህ ትከሰዋለህ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከወሰነ፣ ለጥፋቱም ለልማቱም ይጠየቅበታል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

«ለመጣው ሁሉ ያጎበድዳል» ላልከው መልሱ ያለው ጎረቤታችን ሱዳን ነው። በየካቲት 1953 እንግሊዝና ግብፅ በሱዳን ጉዳይ ተስማሙ፤ ሱዳን ራሷን ታስተዳድር፣ ቀጥሎም ዕጣዋን ራሷ ትወስን። ለዚህ ምርጫ ያስፈልጋል። ግን ማን ያስፈጽም? ግብፅ እንግሊዝን አታምንም፣ እንግሊዝም ግብፅን። ሰባት አባላት ያሉት የምርጫ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሦስት ሱዳናውያን፣ አንድ ግብፃዊ፣ አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ አሜሪካዊና አንድ ህንዳዊ። ሰብሳቢው ህንዳዊው፣ ሱኩማር ሴን ነበር። ምርጫው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተካሄደ። ያሸነፈው ከግብፅ ጋር ይቀራረብ የነበረው የኢስማኢል አል አዝሃሪ ፓርቲ ነው፣ እንግሊዞች የተመኙት አልነበረም። ቢሆንም ውጤቱን ተቀበሉ፣ አል አዝሃሪም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሴን በወጣትነቱ ለእንግሊዝ የሠራ ሰው ነው። የሚያጎበድድ ቢሆን ኖሮ ለማን እንደሚያደላ አንተም እኔም እናውቃለን። አንተ «አቋም የለውም» ያልከው ነገር፣ ሁለት የማይተማመኑ መንግሥታት ከራሳቸው ዘንድ ፈልገው ያጡት ነገር ነበር። አንተ ሱዳን የሄደው ነጻነት ከወጣች በኋላ ነው ብለሃል። አይደለም፣ ነጻነቷ ጥር 1 ቀን 1956 ነው። ከዚያ በፊት ነው የሄደው፣ ለዚህም ነው ነገሩ የሚከብደው።

እኔም በሥራ ዘመኔ ማህተም ሲቀየር አይቻለሁ። አርማው ይቀየራል፣ ከላይ ያለው ጽሑፍ ይቀየራል፣ አሮጌውን ቲተር ቆጥረን እናስረክባለን። መዝገቡን ግን አልቀየርነውም። በደርግ ጊዜ የተመዘገበ ልደት በኢሕአዴግም ጊዜ ልደት ነው። በ1983 ግንቦት፣ ነገ ማን እንደሚመጣ ሳናውቅ፣ ካቢኔቱን ቆልፈን ቁልፉን ተራ በተራ ቤታችን ይዘን እናድር ነበር። ለማን ብለን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ለደርግም ለሌላም አይደለም። በውስጡ የሰው ጋብቻ አለ፣ የሰው ውርስ አለ፣ የሰው ልጅ አለ።

አምስተኛው ላይ ብዙ አልከራከርህም። «ሲስተም የለም» እውነት ነው። «ነገ ና» እውነት ነው። ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ብር ሲሰጥ የሚገኝ ፋይልም አይቻለሁ፣ እኔ ራሴ በሥራ ተሰላችቼ ከጉርሱም የመጣን ሽማግሌ ከነገ ወዲያ ይምጡ ብዬ የመለስኩበት ቀን አለ፣ እስከ ዛሬ ፊታቸው ይታየኛል። ግን ይህ የሚያሳየው ቦታው ባዶ ሲሆን ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። የማይጠቅም ሥራ ቢሆን ኖሮ ሲበላሽ እንዲህ ባላመመን። ጥሩ ሲሠራ ደግሞ ተመልከት፤ ሴን የመጀመሪያውን ምርጫ ሣጥኖች በጥንቃቄ አስቀምጦ ለ1957ቱ ምርጫ ስላወጣቸው ወጪው በ45 ሚሊዮን ሩፒ ቀነሰ። ለዚህ ማንም ሐውልት አያቆምለትም። ትዝታውንም ጽፎ አልተወም።

«ከእኛ ከተማ አንድ ጥቀሺልኝ» ብለሃል። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ። በጽሑፋቸው ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የንጉሡና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብር በታወቀ ልክ ይሁን ያሉት ሰው ናቸው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ እንደነበሩ ግን ስንቱ የድሬ ልጅ ያውቃል? ያን ጊዜ የሀገሪቱ ዕቃ በባቡር የሚገባው በዚሁ በኛ በኩል ነው። ግብር እንዴት እንደሚሰበሰብና የት እንደሚፈስ እዚህ እየሠሩ በዓይናቸው ያዩ ነበር። በ1911 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ አረፉ። ከዚራ ላይ ስትመላለስ አስባቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አርመኸኛል፣ አመሰግናለሁ። እኔ 176 ሚሊዮን ህንዳውያን መረጡ ብዬ ጽፌ ነበር። የመምረጥ መብት ያገኙት ናቸው ያን ያህል፤ ወጥቶ የመረጠው ከግማሽ ያንሳል። የእኔን ጽሑፍ አስተካክያለሁ። አንተም የሱዳኑን ዓመት አስተካክል። ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ያቺው ዛፍ ሥር ነኝ፣ የፈለግከውን ይዘህ ና፣ ሻይ በወተቱን እኔ ነኝ የምከፍለው።